ስድስት ሜትር ፈቀቅ ያለው ምሰሶ

አንድ አማካሪ መሐንዲስ ነበረ፤ ስሙ ልሳነወርቅ። የሚኖርባት ከተማ ከመኪና መንገዱ በላይ፣ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የሚሄድ የባቡር መስመር ታሠራ ነበር። የልሳነወርቅ ሥራ ራሱ መገንባት አይደለም። ተቋራጩ የሠራውን መርምሮ «ይለፍ» ወይም «ይፍረስ» ማለት ነው። ያለ እሱ ፊርማ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይፈታም። በሙያው ሠላሳ ዓመት ቆይቷል፤ ፊርማው አንድም ቀን ስህተት ተገኝቶበት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ የተነሳ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረችበት።

አርባ ሰባተኛው ምሰሶ ሊተከልበት በታሰበው ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ዕድራቸውን የሚሰበስቡት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት ከእሱ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጡና ዛፋችንን አትቁረጡብን ብለው ለመኑት። ልሳነወርቅ ሆዱ ራራ። ምሰሶው ስድስት ሜትር ፈቀቅ እንዲል ፕላኑን አስተካክሎ ፈረመ። ዋርካው ተረፈ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ እሱም ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ እንደበራ ሰነበተ። ምሰሶውም በአዲሱ ቦታ ቆመ።

ባቡሩ የሚሄድባቸው ግዙፍ የኮንክሪት አግዳሚዎች ምሰሶው ላይ ሊጫኑ አሥር ቀን ሲቀራቸው፣ ጋሽ ዱባለ ወደ ልሳነወርቅ ቢሮ መጡ። ጋሽ ዱባለ ቆፋሪ ናቸው። ምሰሶ ከመተከሉ በፊት መሬቱን በማሽን እየበሱ፣ ከሥር የወጣውን አፈርና ድንጋይ በእንጨት ሳጥን ይደረድራሉ፤ የመሠረቱ ጥልቀት የሚወሰነው ያ ሳጥን ታይቶ ነው። ሲጨርሱም ጉድጓዱን ደፍነው፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ከላዩ የመትከል ልማድ አላቸው።

«ኢንጂነር፣ ዋርካው ሥር አረፍ ስል ብረቴን ሣር ውስጥ አገኘኋት» አሉ። «አርባ ሰባት ትላለች።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ጋሽ ዱባለ?»

«እኔ የቆፈርኩት እዚያ ነው። ምሰሶው የቆመው ወዲህ ነው። ወዲህኛውን ማን ቆፈረው?»

ልሳነወርቅ የምሰሶውን ፋይል ስቦ ገለጠ። ማንም አልቆፈረውም። ምሰሶው ሲዛወር ቁጥሩም አብሮት ተዛወረ። አርባ ሰባተኛው ምሰሶ አርባ ሰባተኛ የመሬት ምርመራ አለው፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ አለው ብሎ አለፈ። መሬቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ስድስት ሜትር ምን ይለውጣል ብለው ነው?» አለ።

«አንዳንዴ ምንም። አንዳንዴ ደግሞ እንጃ። ከላይ ሆኖ የሚያውቅ ቢኖርማ እኔን ማን ይቀጥረኝ ነበር?»

ልሳነወርቅ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ነገሩን የሚያውቁት እሱና ጋሽ ዱባለ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወሬ አያበዙም። ምናልባት መሬቱ ያው ነው። ምናልባት ምንም የለም። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰዎች ሪፖርት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዝ የኖረ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፈ። «ምሰሶው እንዲዛወር የፈረምኩት እኔ ነኝ። አዲሱን ቦታ ሳላስመረምር አልፌያለሁ። ተቆፍሮ እስኪታይ ድረስ ምንም ነገር እንዳይጫንበት» ይላል።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ ደብዳቤውን ይዘው ግንባታው ቦታ ድረስ መጡ። ፊታቸው ቅጭም ብሏል።

«ኢንጂነር፣ መስመሩ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ ተነግሯል። በስድስት ሜትር ምክንያት ከተማውን ሁሉ ልናስቆም ነው?»

«ካላስቆምነው ባቡሩን የምናስቆምበት ጊዜ ይመጣል ብዬ ሰግቻለሁ» አላቸው።

ጋሽ ዱባለ ከምሰሶው እግር ሥር ማሽናቸውን አስነሱ። በአሥር ሜትር ላይ መቆፈሪያው ዓለት ነካ፤ ልክ እንደ ድሮው ጉድጓድ። ጥቁር፣ ጠንካራ ድንጋይ ወጣ። ወይዘሮ እልፍነሽ «ይኸው፤ ያው ነው» አሉና እፎይ አሉ። ልሳነወርቅም ደስ አለው። የምሰሶው መሠረት የቆመው አሥራ ሁለት ሜትር ላይ፣ በዚሁ ዓለት ውስጥ ነውና።

ጋሽ ዱባለ ግን ማሽኑን አላጠፉም። «የታዘዝኩት እስከ ሃያ ነው» አሉ፣ ዞር ብለውም ሳያዩ።

አሥራ ሦስት ሜትር። አሥራ ሦስት ተኩል። አሥራ አራት ሲደርስ የመቆፈሪያው ዘንግ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ሰመጠ። ማንም አልገፋውም። ሁለት ሜትር ያህል በባዶ ወርዶ ቆመ። ጋሽ ዱባለ ሞተሩን አጠፉ፣ ዘንጉን አወጡና ጉድጓዱ ውስጥ በቀረው የብረት ቱቦ አፍ ላይ ጆሯቸውን አስደገፉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይስሙት» አሉት ልሳነወርቅን።

ጭቃው ላይ ተንበረከከና ጆሮውን ሰጠ። ውኃ ነው። ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ ሳይቸኩል የሚሄድ ብዙ ውኃ። ከላይ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፤ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ አንዲት ሴት ድንች ትመዝናለች። ከሥር ደግሞ ዓለቱን ቦርቡሮ ቤት የሠራ ወንዝ ይሄዳል። ከተማዋ ሳትቆረቆር ይሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ሕዝብ በጀርባው ተሸክሞ አንድም ቀን አለሁ አላለም። ልሳነወርቅ ፈራ። የፈራው አደጋውን ብቻ አልነበረም፤ ይህን የሚያህል ነገር ከእግሩ ሥር እያለ ሠላሳ ዓመት መሬትን አውቃለሁ ሲል መኖሩን ነው። እምባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ሠራተኞቹ ተራ በተራ ተንበርክከው አዳመጡ። በመጨረሻ ወይዘሮ እልፍነሽ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሲነሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«መሠረቱ ከዋሻው ጣራ በላይ ስንት ሜትር ይቀረዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሁለት» አለ ልሳነወርቅ። «በላዩ ባቡርና ሦስት መቶ ሰው ሊያልፍ ነበር።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ስለ መክፈቻው ቀን ዳግመኛ አላነሱም። ውኃውን አልፈው ከታችኛው ዓለት ላይ የሚያርፉ አዳዲስ መሠረቶች ወረዱ፤ ምሰሶውም በእነሱ ላይ ተደገፈ። ሥራው አምስት ወር ፈጀ። ልሳነወርቅም ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ ስለሰጠ ከዋና አማካሪነቱ ተነሳ። በመክፈቻው ቀን ከመድረክ ላይ ስሙን የጠራው አልነበረም። እሱና ጋሽ ዱባለ ትኬታቸውን ቆርጠው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ተጋፍተው ተሳፈሩ።

ባቡሩ አርባ ሰባተኛው ምሰሶ ላይ ሲደርስ ሁለቱም በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳት አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ራሷን እንኳ ቀና አላደረገችም። አለፉ።

«ማንም አላወቀ» አሉ ጋሽ ዱባለ። «ይቆጭዎታል?»

ልሳነወርቅ የተኛችውን ሴት አየት አደረገ። «ብታውቅማ ትተኛ ነበር?» አለ።

ወዳጄ፣ ልሳነወርቅ ምሰሶውን ያዛወረው ለክፋት አልነበረም። ደግ ሥራ መሥራቱ ግን መሬቱን እንደገና ከመጠየቅ አዘናጋው። እኛም እንዲሁ ነን። አንድ ጊዜ የመረመርነውን ሰው፣ አንድ ጊዜ የተማርነውን ነገር፣ ኑሯችን ፈቀቅ ባለ ቁጥር የድሮ ቁጥሩን ለጥፈን ይዘነው እንዞራለን። ዕውቀታችን እውነት የሚሆነው በቆፈርንበት ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ ስድስት ሜትር ወዲህ ሌላ መሬት አለ፤ ሌላ ውኃም ይሄድበታል። ስህተቱ የራሳችን ሆኖ ስናገኘው ደግሞ ስማችንን ለማትረፍ ስንል የማናውቃቸውን ሰዎች ለአደጋ አሳልፈን እንዳንሰጥ የሚጠብቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይደርስበት «እኔ ነኝ» ማለት።

እርስዎ ዛሬ የቆሙበትን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ የመረመሩት መቼ ነው?