የእማማ ጌጤ እግርና አልሄድም ያለው ደመና

ጆሮ ያለው ይስማ፤ ሥራ ያለው ሥራውን እየሠራ ይስማ። እንቅልፍ የመጣበት ከኋላ ይቀመጥ፤ እኔ ስናገር የሚያንኮራፋ ሰው አልወድም።

በእስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ እማማ ጌጤ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከጎንደር ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ጉልበታቸው አርጅቷል፣ ምላሳቸው ግን አላረጀም። እኚህ ሴት አንድ ትንሽ ነገር ፈለጉ። ወርቅ አልፈለጉም፣ ቤት አልፈለጉም። በስተሰሜን፣ በገሊላ ሐይቅ ዳር፣ ጥብርያዶስ ላይ ታናሽ እህታቸው ፈንታዬ ይኖራሉ። ልጆች ሳሉ በበዓል ዋዜማ ወንዝ ወርደው አብረው ይታጠቡ ነበር። አሁንም ከፈንታዬ ጎን ተቀምጠው እግራቸውን ሞቅ ባለው የሐይቅ ውሃ መንከር ፈለጉ። ይኼው ነው።

ይኼው ነው ስላልኩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃው የሚሞቀው ሙቀቱ እስኪያልፍ ነው። ሙቀቱ ሊያልፍ ሲል ደግሞ በዓላቱ ይደራረባሉ፤ መጀመሪያ ብርሃን ሠረቀ፣ የዘመን መለወጫው፤ ቀጥሎ አስተሥርዮ፣ የጾሙና የይቅርታው ቀን፤ ከዚያ መጸለት፣ በቅጠል ዳስ ሥር የሚበላበት የዳሱ በዓል። አምና "ከበዓላት በኋላ" አሏቸው፤ ከበዓላት በኋላ ብርድ መጣ። ካቻምናም "ከበዓላት በኋላ" አሏቸው፤ ብርድ መጣ። በብርድ የእማማ ጌጤ ጉልበት ከአልጋ መውረድም እንቢ ይላል። የፈንታዬም ጉልበት ያው የአንድ እናት ልጅ ጉልበት ነው። ለሁለት አሮጊቶች ስንት "ከበዓላት በኋላ" ይቀራቸዋል? እኔ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም፤ እማማ ጌጤን ያስጨነቃቸውም ይኼው ነበር።

እናም ዘመን መለወጫው እንዳለፈ ልጃቸውን ዋሴን ጠሩት። ዋሴ ሚኒባስ አለው።

"ልጄ፣ ሙቀቱ ሳያልፍ ፈንታዬ ዘንድ ውሰደኝ። እግሬን ልንከር።"

"እማዬ፣ ሚኒባሱ ታሟል። ፍሬኑን ስይዘው እንደ ሙሽራ እናት ያለቅሳል። አስረስ ካልጠገነው አልነዳም" አላቸው።

እማማ ጌጤ ከዘራቸውን ይዘው መካኒኩ አስረስ ዘንድ ሄዱ። አስረስ መኪና ሥር ተኝቶ ጫማው ብቻ ይታያል። ለጫማው ነገሩት።

"አስረስ ልጄ፣ ሚኒባሱን ጠግን። ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

"እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ" አለ ጫማው፣ "በባዶ ሆድ መፍቻ አልጨብጥም። ዘነቡ ወጥ ካልሠራችልኝ አልጠግንም።"

ራስህ ሠርተህ አትበላም ወይ አትበሉት። እኔም ብዬው ነበር፤ ጫማውን አወዛወዘብኝ።

እማማ ጌጤ ወደ ሚስቱ ወደ ዘነቡ ሄዱ። ዘነቡ ግቢ ውስጥ የዘንባባ ቅጠል ክምር ላይ መጥረጊያ ይዛ ተቀምጣለች፣ የዙፋን ጠባቂ መስላ።

"ዘነቡ ልጄ፣ ወጥ ሥሪ። አስረስ አልጠግንም ብሏል፣ ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

"እማማ ይሙቱ አልሠራም። ይኼ ቅጠል የዳሴ ጣራ ነው። ወደ ማድቤት ዞር ስል ያቺ ፍየል ትበላዋለች። አምና ጣራውን በልታብኝ በበዓሉ ቀን ሰማይ እያየን ራት በላን። ፍየሏ ቅጠሉን ካልተወች ከዚህ አልነሣም።"

ፍየሏ የማን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ሰው ባባረራት ቁጥር አልሸሹም ዞር አሉ ናት፤ በዚያ በር ወጥታ በዚህ በር ትመጣለች። እማማ ጌጤ ከአጥሩ ሥር አገኟት።

"አንቺ ፍየል፣ ቅጠሉን ተዪ። ዘነቡ አልሠራም ብላለች፣ አስረስ አልጠግንም ብሏል፣ ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

ፍየሏ ያፏን አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ነው መልስ የሰጠችው። "እኔ ቅጠል ወድጄ የምበላ ይመስልሻል? ጉሮሮ ይቧጥጣል። ኒሲም የሐብሐብ ልጣጭ ካልሰጠኝ አልተውም።"

ኒሲም የመንገዱ ማዶ ሐብሐብ ሻጭ ነው። እናቱ ከሞሮኮ ናቸው፣ አማርኛ አያውቅም፤ እማማ ጌጤም ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእጃቸው ነገሩት። "ፍየሏ" ሲሉ ሁለት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ቀንድ አድርገው አቆሙ።

"ኒሲም ልጄ፣ ልጣጭ ስጥ። ፍየሏ አልተውም ብላለች፣ ዘነቡ አልሠራም ብላለች፣ አስረስ አልጠግንም ብሏል፣ ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

ኒሲም ወደ ሰማይ አመለከተ። "ልጣጭ የሚገኘው ሐብሐብ ሲቆረጥ ነው። ሐብሐብ የሚቆረጠው ሰው ሲጠማ ነው። ሰው የሚጠማው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ያንን ደመና ግን እዩት፣ ከትናንት ጀምሮ ፀሐይዋ ላይ ተቀምጧል። ደመናው ካልሄደ አልሰጥም።"

እውነትም አንድ ወፍራም ደመና ከሕንፃቸው በላይ ተጎልቷል። እማማ ጌጤ ሊያነጋግሩት ወደ ጣራ መውጣት ነበረባቸው። የሕንፃው አሳንሰር በር ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል፤ "ከበዓላት በኋላ ይሠራል" ይላል። በደረጃው ወጡ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆመው አንድ ሰው ወቀሱ፤ ጣራው ጋ ሲደርሱ የሚወቀስ ዘመድ አልቀረም።

"አንተ ደመና፣ ሂድ። ኒሲም አልሰጥም ብሏል፣ ፍየሏ አልተውም ብላለች፣ ዘነቡ አልሠራም ብላለች፣ አስረስ አልጠግንም ብሏል፣ ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

"አልሄድም" አለ ደመናው። "በዚህ አገር የሙቀቱን ወራት ሙሉ ስሜን የሚያነሣ የለም። የመጸለት በዓል ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ይጸልያል። በዚያች ቀን የክብር እንግዳው እኔ ነኝ። ዘግይቼ ከምዋረድ ብዬ ቀድሜ መጥቼ ቦታ ያዝኩ።"

"ቦታህን ማን ይወስድብሃል? እስከዚያ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ?"

"እጠብቃለሁ። ሥራ የለኝም።"

ሥራ ከሌለው ጋር ክርክር አይገጥሙም። እማማ ጌጤ ወረዱ። ቀኑ እየሄደ፣ የአስተሥርዮ ዋዜማ ደረሰ፣ ደመናው እዚያው ነው። በዋዜማው ጠዋት ወደ ቤተ እስራኤሉ ካህን፣ ወደ ቄስ መንበሩ ሄዱ።

"ቄስ መንበሩ፣ ደመናውን ያስወግዱልኝ። ደመናው አልሄድም ብሏል፣ ኒሲም አልሰጥም ብሏል፣ ፍየሏ አልተውም ብላለች፣ ዘነቡ አልሠራም ብላለች፣ አስረስ አልጠግንም ብሏል፣ ዋሴ አልነዳም ብሏል፣ እግሬም ደርቆ ቀርቷል።"

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ጌጤ፣ እኔ ደመና አላዝም። ዛሬ ማታ ግን አስተሥርዮ ይገባል። ቂም ይዞ የሚጾም ሰው ተራበ እንጂ አልጾመም። ከደመናው ጋር ቂም አላችሁ?"

"እኔ ከደመና ጋር ምን አለኝ?"

"እስቲ አስቢ።"

እማማ ጌጤ አሰቡ። አገር ቤት ሳሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ያልተተኮሰ ድስታቸውን ሊደርቅ ባሰጡት ቁጥር ደመና መጥቶ ጭቃ ያደርግባቸው ነበር። የዚያን ጊዜ ያላሉት የለም፤ እናቱንም ሰድበዋል። የደመና እናት ማን እንደሆነች ባያውቁም ሰድበዋል።

እንደገና በደረጃው ወጡ። በዚህኛው ማንንም አልወቀሱም፤ ትንፋሽም አልነበራቸውም።

"ደመና፣ ስለ ድስቶቼ ብዬ የረገምኩህን ይቅር በለኝ። የእናትህንም ነገር ይቅር በለኝ።"

ደመናው ቀስ ብሎ ጫፍ ጫፉ መጥቆር ጀመረ። "የሰው ልጅ" አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ "ሲለምነኝ አውቃለሁ፣ ሲረግመኝ አውቃለሁ፣ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ግን..."

"እንዳታለቅስ" አሉ እማማ ጌጤ ፈጠን ብለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የደመና እንባ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ደመናው እንባውን ዋጠ፣ አፍንጫውን በጣራው የውሃ ጋን ጠረገ። "ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ስለ ድስቶቹ ይቅር በዪኝ። ዝናብ ሲጸለይ እመለሳለሁ" ብሎ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ደመናው ሲሄድ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ተጠማ። ሰው ሲጠማ ኒሲም ሐብሐብ ቆረጠ፣ ልጣጩንም ሰጠ። ልጣጩ ሲሰጣት ፍየሏ ቅጠሉን ተወች። ፍየሏ ስትተው ዘነቡ ወጥ ሠራች። ዘነቡ ስትሠራ አስረስ በላ። አስረስ ሲበላ ፍሬኑን ጠገነ። አስረስ ሲጠግን ዋሴ...

ነዳ ልትሉ ነበር፣ አይደል? አፋችሁን ሰብስቡ። ዋሴ ራሱን እያከከ መጣ።

"እማዬ፣ ሚኒባሱስ ዳነ። ግን ጾሙ ሊገባ ነው፣ ጾሙ ሲወጣ ዳስ መሥራት አለ። እንግዲህ ከበዓላት በኋላ ነው።"

እዚህ ላይ እኔ ተናደድኩ። እማማ ጌጤ ግን አልተቆጡም፤ ተቀመጡ። ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ ያልደከማቸው ድካም ያን ጊዜ መጣባቸው። አምናም እንዲህ ተቀምጠው ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እንደ ወጉ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ዋሴም ነጭ ለብሶ መጣ፣ ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ያዘ።

"እማዬ፣ የበደልኩሽ ነገር ካለ ይቅር በዪኝ።"

የዚህ መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ "ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ" ይባላል። እማማ ጌጤ እጃቸውን አጣጠፉ።

"አልልም" አሉ።

ዋሴ ቀና አለ። "እማዬ፣ ጀምበሯ ልትገባ ነው።"

"ትግባ። ደመናው አልሄድም ብሎ ሄደ፣ ኒሲም አልሰጥም ብሎ ሰጠ፣ ፍየሏ አልተውም ብላ ተወች፣ ዘነቡ አልሠራም ብላ ሠራች፣ አስረስ አልጠግንም ብሎ ጠገነ። የቀረኸው አንተ ነህ። የበደልከኝ ነገር ካለ ትላለህ፤ ካላወቅከው ልንገርህ። የማረጅ አይመስልህም። በዓል ሁልጊዜ ከርሞ ይመጣል፣ እኔም አብሬው የምመጣ ይመስልሃል።"

ዋሴ የያዘውን ጉልበት አየው። አብጧል፣ ይግላል። እስከዚያን ቀን ድረስ ይዞት እንጂ አይቶት አያውቅም።

"ጾሙ በወጣ ማግስት እንሄዳለን" አለ።

"ዳሱስ?"

"ዳሱን እዚያው፣ አክስቴ ፈንታዬ በር ላይ እሠራዋለሁ።"

"ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ" አሉ እማማ ጌጤ፣ ጀምበሯም ገባች።

በማግስቱ ጾሙ፣ ጾሙ በወጣ ማግስት ሄዱ። ዋሴ ነዳ። አስረስ ፍሬኑን ላዳምጥ ብሎ ገባ። ዘነቡ ድስቷን አቅፋ ገባች፣ የዘንባባ ቅጠሏም ጣራው ላይ ታሰረ። ቅጠሉ ባለበት ደግሞ ማን እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ተገኘች። ማን እንዳስገባት ማንም አላመነም።

ፈንታዬ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ይጠብቁ ነበር።

"እታለም፣ ምነው ዘገየሽ?"

"ምኑን እነግርሻለሁ፣ ፈንታ። ደመናው አልሄድም ብሎ፣ ኒሲም አልሰጥም ብሎ፣ ፍየሏ አልተውም ብላ፣ ዘነቡ አልሠራም ብላ፣ አስረስ..."

"እታለም" አሉ ፈንታዬ።

"እ?"

"ውሃው ሞቋል። ዝም በይና ጫማሽን አውልቂ።"

እማማ ጌጤም ዝም አሉ፣ ጫማቸውንም አወለቁ።