አንጓችና ያገሯ ልጆች

በድሮ ዘመን ነው፤ መቼ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም አልነበርኩም። ውርጭ አምባ በሚባል ደጋ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት አገር፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ቆላ ተወልዳ ደጋ ያገባች፣ እጇ ሥራ የማይፈራ፣ ምላሷ ማር የሆነ፣ ቅናቷ ግን እንቅልፍ የሚነሳት ሴት ነበረች።

የምትቀናው በሌላ በማንም አይደለም፤ በጎረቤቷ በየሻረግ ነው። የሻረግ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ጓሮዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆም ይልና፣ «አቤት ጓሮ፣ የየሻረግ እጅ ይባረክ» ይላል። የአንጓችን ጓሮ አልፎት መጥቶ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው። አንጓች ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ እርር ድብን ይላል።

እንዲህ ስትቃጠል፣ አንድ መስከረም ላይ የአገሩ ባላባት ግራዝማች ወንድይራድ ሰዉን ሰበሰቡ። «ከምንጩ ሥር ያለችውን መሬት ለአንድ ባለጓሮ ልሰጥ ነው። ለገና ከጓሮው ለቅሞ ቅርጫቱን ሞልቶ የመጣ ይወስዳታል» አሉ።

ምንጭ ሥር መሬት ማለት ደጅ ላይ ውሃ ማለት ነው። አንጓች ውሃ የምትቀዳው ገደል ወርዳ፣ እንስራ አዝላ፣ ዳገት ወጥታ ነው፤ ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። ያችን መሬት ፈለገቻት። ከዚያም በላይ የሻረግ እንዳታገኛት ፈለገች።

ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ወሬ ለቀማ ወደ የሻረግ ጓሮ መመላለስ ጀመረች።

በመጀመሪያ ሆዷን ይዛ እያቃሰተች ሄደች። «የሻረጌ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ እስቲ ጤና አዳም ስጪኝ» አለች። ሆዷ ምንም አልሆነም። ጤና አዳሙን ስትቀበል ዓይኗ ጎመኑ ላይ ነበር፤ ቅጠሉ ሰፌድ ያክላል። ያኔ ሆዷን የምሩን ቆረጣት።

ደግሞ ሌላ ቀን፣ «የሻረጌ፣ ምድጃዬ ጠፋብኝ፤ እሳት ጫሪልኝ» ብላ ሄደች። ምድጃዋ ቤቷ ይንቀለቀላል። እሳቱን ስትቀበል ዓይኗ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ነበር፤ መደቡ ሞልቶ መርገጫ የለውም። ከፍሙ ይልቅ እሷ ነደደች።

በሦስተኛው፣ «የሻረጌ፣ ዶሮዬ ወዲህ ገብታብሽ ይሆን?» ብላ ሄደች። ዶሮዋ ቤት ውስጥ ቅርጫት ተደፍቶባታል። ባቄላውን አየችው፤ ከወገቧ በላይ ነው። ከዚያ በላይ መቻል አቃታት።

«የሻረጌ፣ እኔም እንዳንቺ እለፋለሁ። ያንቺ እንዲህ የሚያምረው ምን ብታደርጊበት ነው?» አለቻት።

የሻረግ መኮትኮቷን ሳትተው፣ «ምንም የለውም እኮ። ያገር ልጅ ነው የምተክለው። ያገር ልጅ...» ብላ ልትቀጥል ስትል፣ አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ከአጥሩ ወጥታለች። የሚናገር ሰው ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ጠባይ ነው? ቅናት ግን ጆሮ የለውም።

አንጓች ደጋ ካገባች ጀምሮ «ያገር ልጅ» ሲባል ትዝ የሚላት ገበያ ላይ የምታገኘው የቆላ ሰው ነው። ያገሯን ልጅ ስታይ ሆዷ ይባባል። እናም መንገድ ላይ፣ «አሃ፣ ለካ ይሄ ነው! እሷ ያገሯን ልጅ ትተክላለች። የኔ አገር ልጅ ከሷ አገር ልጅ በምን ያንሳል?» አለች።

ጨርቄን ማቄን ሳትል ቆላ ወንድሟ ዘንድ ወረደች። ሸንኮራ ይዛ ወጣች። መሬት እንዳይጠባት የራሷን ነጭ ሽንኩርት ነቀለችው። ባሏ ደምሴ፣ «ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ የበቀለ ሽንኩርት ይነቀላል?» አላት።

«ዝም በል፤ የሻረግ ሸንኮራ የላትም» አለችው።

ሁለተኛ ወረደች። የሎሚ ችግኝ ይዛ ወጣች። ጎመኗን ነቀለችው። «ኧረ ተይ አንቺ ሴት» አላት ደምሴ።

«ዝም በል፤ የሻረግ ሎሚ የላትም» አለችው።

ሦስተኛ ወረደች። የበርበሬ ችግኝ ይዛ ወጣች። ባቄላዋን ነቀለችው። ደምሴ አሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተነቀለውን ባቄላ ያይ ነበር።

የጥቅምት ፀሐይ ደግሞ ሞቅ አለች። ሸንኮራው ቀጥ አለ፣ ሎሚው አቆጠቆጠ፣ በርበሬው አበበ። መንገደኛው አሁን አንጓች ደጅ ቆሞ፣ «ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ይል ጀመር። አንጓች የየሻረግ ቤት ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትመልስለታለች። በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ጠግባ ተኝታ አታውቅም።

የሻረግ አንድ ቀን መጥታ አየችና፣ «እቴ፣ ኅዳር ሳይገባ በሣር ሸፍኚው፤ የዚህ አገር ውርጭ ክፉ ነው» አለቻት።

አንጓች በልቧ፣ «እሰይ፣ ቀናች! እንዳይታይብኝ ልታስሸፍነኝ ነው» አለች። አልሸፈነችውም። እንዲያውም የአጥሩን ቅጠል መልምላ መንገደኛ በደንብ እንዲያየው አደረገች።

ኅዳር ገባ። አንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ፤ የደጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ውርጭ የሚወርደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ጠዋት አንጓች ስትወጣ ሸንኮራው ጠውልጎ ተጋድሟል። በማግሥቱ ሎሚው ጠቆረ። ከዚያ በኋላ በርበሬው እንደ ተቀቀለ ነገር ሟሟ። ባዶ መደቧ መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። ቀና ብላ ስታይ የየሻረግ ጎመን ውርጩን አራግፎ ይስቃል። «በዓይኗ በላችብኝ! አታላ ገደለችኝ!» አለች።

ገና ደረሰ። ሰዉ በግራዝማች ደጅ ተሰበሰበ። የሻረግ በቅርጫት ጎመን፣ በቅርጫት ነጭ ሽንኩርት፣ በቅርጫት ባቄላ አቀረበች። አንጓች ባዶ እጇን ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ አቤት እላለሁ። ይቺ ሴት አታለለችኝ። ምስጢሩን ብጠይቃት ‹ያገር ልጅ ነው የምተክለው› አለችኝ። ያገሬን ልጆች ከቆላ አምጥቼ ተከልኩ፤ ሁሉንም ውርጭ ጨረሰብኝ።»

«ዋሽተሻታል?» አሉ ግራዝማች ወደ የሻረግ ዞረው።

«እኔ ያልኩት ይቺን አገር ነው ጌታዬ። እዚሁ የለመደውን፣ ብርዱን የሚችለውን ነው የምተክለው። ልጨርስላት ስል ሄደች።»

ግራዝማች አንጓችን ትንሽ አዩአትና፣ «አገርሽ የት ነው?» አሏት።

«ቆላ ነዋ ጌታዬ» አለች ቶሎ ብላ።

«ልጆችሽን የት ወለድሽ?»

«እዚሁ።»

«ውሃ የምትቀጂው፣ እህል የምትበይው የት ነው?»

«እዚሁ ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያ እኔ ምን ላድርግሽ? እጅሽ ባዶ ነው፤ ደግሞም መሬቱን የምሰጠው ውርጭ አምባን አገሬ ለሚል ሰው ነው። አንቺ በገዛ አፍሽ አይደለም አልሽ።»

ደምሴ ከአንጓች ጎን አንገቱን ደፋ። ነጭ ሽንኩርት ስትነቅል ችሏታል፣ ባቄላ ስትነቅል ችሏታል፤ የሱን አገር አገሬ አይደለም ማለቷን ግን በሰው ፊት ሲሰማ አመመው። እሷም አየችው። ቅናት ያስነቀላት ሁሉ ያኔ ገባት፤ ግን መሬቷ ሄዳለች።

የምንጯ መሬት ለየሻረግ ሆነች። አንጓች ገደሉን መውረድ፣ እንስራ ማዘል፣ ዳገቱን መውጣት ቀጠለች። የሻረግ ለዘር የሚሆን ነጭ ሽንኩርት ስትሰጣት ተቀበለች፤ አመስግና ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ጥርሷን ነክሳ ነው። ተከለችው፣ በቀለም። አሁንም በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ የማን ይበልጣል እያለች በስንዝር ትለካለች ይባላል።

እንግዲህ ልጆች፣ የሰው ጓሮ አምሮ ስታዩ አትቃጠሉ፤ ጠይቁ፣ መልሱንም እስኪያልቅ ስሙ። ስትተክሉም ጎረቤት የሌለውን አትፈልጉ፤ የቆማችሁበት መሬት የሚወደውን ትከሉ። የኔ ዘር እዚህ ላይ አለቀ፤ መኮትኮቱ የናንተ ነው።