ሰባቱ የሚያዡ ማሰሮዎች

አንድ ጊዜ፣ ሰማዩ ጠባዩን ለውጦ ዝናብ በወሩ መምጣት በተወበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከሰባት የሸክላ ማሰሮዎች ጋር በአንድ ሸለቆ ውስጥ ትኖር ነበር። ማሰሮዎቹ የቀድሞ እመቤቷ የሸክላ ሠሪዋ ነበሩ። አህዪት ዕድሜዋን ሙሉ የሴትዮዋን ሸክላ በጀርባዋ ወደ ገበያ ስታመላልስ ኖራ፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ተንሸራታ የኋላ እግሯ ተሰበረ። እግሯ ጠምሞ ገጠመ። እመቤቷም አገሩ ደርቋል ብላ ዕቃዋን ጠቅልላ ስትሄድ፣ ገዢ ያጡትን ሰባት ማሰሮዎችና ገዢ የማታገኘውን አህያ አንድ ላይ ትታቸው ሄደች።

ማሰሮዎቹ ገዢ ያጡት ውሃ ሲሞላባቸው ገላቸው እንደሚያልበው ሰው ስለሚያዣ ነው። የማይረቡ ናቸው ተብለው ከግቢው ጥግ ተጥለው ነበር። አህዪት ግን ግቢው ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ የዝናብ ውሃ ያዘሉ ማሰሮዎች በተቀመጡበት ዙሪያ ብቻ ሳር ሲበቅል አይታለች። አየችና ነገሩን በልቧ ያዘችው።

በሸለቆው በልግ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ክረምቱም መጣ ሲባል አንድ ሳምንት ድንጋይ የሚያንከባልል ዝናብ ጥሎ፣ ለም አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ የለም። የተረፈች አንዲት ምንጭ ነበረች። አንበሳ እንስሳቱን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ቅል ውሃ ብቻ እንዲሰጠው አዘዘ፤ ቀበሮንም ብልህ ነው ብሎ የምንጭ ጠባቂ አድርጎ ሾመው። ቀጥሎ ክፉውን ቃል ተናገረ። ሁለት ወር እንጠብቃለን፤ እስከዚያ በሸለቆው አንዳች የሚበላ ነገር ካልበቀለ ሁላችንም ተራራውን ተሻግረን እንሰደዳለን አለ።

አህዪት ቀና ብላ ተራራውን አየችው። በሦስት እግር የሚወጣ ተራራ አልነበረም። አያ ጅቦም እግሯን ሲያይ ቆይቶ ወደ አንበሳ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ እናንተ ሂዱ» አለ ምራቁን እየዋጠ። «እኔ እቀርና እመት አህያን አስታምማታለሁ።»

አህዪት ክው አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚበላ ነገር ማብቀል ለእሷ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

በማግሥቱ ሰባቱን ማሰሮዎች እስከ አንገታቸው ድረስ ቀበረች። አፋቸውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነች። ከእመቤቷ ጓሮ የለቀመችውን የጎመን ዘር በየማሰሮው ዙሪያ ዘራች፤ ፀሐይ መሬቱን እንዳታገኘው ደረቅ ሳር ጎዘጎዘችበት፤ በምዕራብ በኩልም ቅጠላም ቅርንጫፎች ተክላ የከሰዓቱን ሐሩር ጋረደች። በየማለዳው የሚሰጣትን ውሃ ግማሹን ትጠጣና ግማሹን ተራው ለደረሰ ማሰሮ ትገለብጣለች። ማሰሮው ቀስ እያለ ያዣል፤ ሥሩም ቀስ እያለ ይጠጣል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን መሬቱ ደረቅ ሳር ብቻ ነው። ግማሽ ቅል ለአንዲት አህያ ምን ይበቃታል? ጉሮሮዋ ደርቆ ድምፅዋ ተዘጋ። ሸለቆው ማናፋቷን ከሰማ ሰነባበተ።

ቀኑ ደረሰ። እንስሳቱ ለስደት ተነሥተው አህዪትን ሊሰናበቱ ወደ ጓሮዋ ሲመጡ ባዩት ነገር ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጎመኑ ጉልበት ደርሷል። ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሏል። በዚያ አመድ በመሰለ ሸለቆ ውስጥ ያ ሁሉ አረንጓዴ ዓይን ያማል። ፍየል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አህዪት ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። አሁን እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል፣ ስደቱም ይቀራል፣ እኔም እተርፋለሁ ብላ ነበር። ማንም እንዲህ አላለም። መጀመሪያ የተናገረው ቀበሮ ነው።

«እኔ ምንጩ ለምን ጎደለ እያልሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ለካ ነገሩ እዚህ ኖሯል። ዝናብ የለም፣ ጎመን ግን አለ። እስቲ ውሃው ከየት መጣ?»

ሁሉም በድንጋጤ እርስ በርስ ተያዩ። ፍየል መሬቱን ስታይ የማጠጫ ቦይ እንኳ አጣች፤ እንግዲያው ተደብቃ ነው የምታጠጣው አለች። ይህን የመሰለ ማስረጃ! የውሃ ምልክት አለመኖሩ ለውሃ ሌብነት ምስክር ሆነ። አህዪት ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ከደረቀው ጉሮሮዋ ግን ሲር ከሚል ድምፅ በቀር ምንም አልወጣም። ቀበሮም መልስ እንኳ የላትም አለ።

አንበሳ ፊቱ ጠቆረ።

«ውሃው የሁላችሁ ነበር» አለ። «እንግዲያው ጎመኑም የሁላችሁ ነው። ብሉት።»

በሉት። ፍየል በላች፣ ዝንጀሮ በላ፣ ድኩላ በላ። የሁለት ወር ጥሟን ዓይኗ እያየ አኘኩት። አህዪት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

አያ ጅቦ ጎመን አይበላም። እሱ ዓይኑ ያረፈው በጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ላይ ነው። ድንጋይ የተጫነበት ነገር ሁሉ ለእሱ ሥጋ ነው፤ አህዪትም ያላትን የደበቀችው እዚያ ሥር ነው ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ሲጎመዥ ኖሯል። ማንም ሳያየው አንዱን ድንጋይ ገፍቶ ጣለና እጁ እስኪዝል ቆፈረ። ማሰሮውን ጎትቶ አወጣው፤ ጭንቅላቱን ከተተበትና አፍንጫውን አርጥቦ ወጣ።

«ውሃ ነው እንዴ» አለ ቅር ብሎት። «ያውም የሚያዣ ማሰሮ። አፈሩን ሁሉ አበስብሶታል።»

ማኘኩ ቆመ። አንበሳ መጥቶ መዳፉን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደ። ከላይ ሳሩ ይንኮሻኮሻል፤ ከሥር ግን አፈሩ እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ የጎመኑም ሥሮች ማሰሮው የነበረበትን ቦታ አቅፈው ቀርተዋል። አንበሳ ማሰሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አህዪት አፍ አስጠጋላት። ጠጣች። እስከ መጨረሻው ጠጣች፤ ድምፅዋም ተመለሰ።

«ከራሴ ድርሻ ነው ጌታዬ» አለች። «በቀን ግማሽ ቅል። ሌላ አልነካሁም።»

ፍየል በአፏ የቀረውን ቅጠል መዋጥም መትፋትም አቃታት። የሁሉም ከንፈር አረንጓዴ ነበር፤ የሚደበቅበት ቦታም አልነበረም።

አንበሳ፣ ታዲያ ምንጩን ማን አጎደለው ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት ሁለተኛውን ድንጋይ የሚገፋው አያ ጅቦ ነው፤ ቀናም አላለ።

«ቀበሮ ነዋ» አለ። «እኩለ ቀን ላይ ቅል በቅል እየደገመ በራሱ ጓሮ ጎመን ላይ ይደፋል። እኔ ሁልጊዜ እስኪደርቅ ጭቃው ላይ ነው የምተኛው። ይቀዘቅዛል።»

ሁሉም ተያይዘው ከምንጩ ጀርባ ወዳለው የቀበሮ ጓሮ ሮጡ። ሁለተኛው ድንጋጤ ከፊተኛው ባሰ። ያን ያህል ውሃ የተሰረቀለት ጓሮ ደርቋል። በጠራራ ፀሐይ የተደፋውን ውሃ ፀሐይዋ ራሷ ጠጥታዋለች፤ ሳር ያልለበሰው መሬት ቅርፊት ሠርቶ ተሰነጣጥቋል፤ ጎመኑም ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። የሰረቀው ደረቀበት፤ ያልሰረቀችው ለመለመላትና ሌባ ተባለች። ቀበሮ ጅራቱን አየ።

ፍየል እያነከሰች ወደ ደረሰችው አህዪት ዞረች። «እመት አህያ» አለች ቀስ ብላ፣ «በላንብሽ እኮ።»

«በላችሁብኝ» አለች አህዪት። «ይቅርታችሁን ኋላ እሰማዋለሁ። ጎመን ሥሩ ካልተነቀለ ያቆጠቁጣል። አሁን ማሰሮዬን ወደ ቦታው መልሱልኝ፤ ከነገ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ቅላችሁን ይዛችሁ ኑ።»

አንበሳ ስደቱን አስቀረ። ይህን ሲያዝ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀበሮ ከሹመቱ ወርዶ በየማለዳው ውሃ ተሸካሚ ሆነ፤ ዝንጀሮና ድኩላ በሸክላ ሠሪዋ ግቢ የተጣሉ ስንጥቅ ገንቦዎችን ፈልገው በየጓሯቸው ቀበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከተጋጠው ግንድ ላይ ትናንሽ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ያን ቀን አህዪት ሸለቆው እስኪያስተጋባ ድረስ አናፋች። አያ ጅቦ ሥጋው ከማሰሮዎቹ ሥር ጠለቅ ብሎ ነው እያለ አሁንም ይጠብቃል። ፍየል ግን እስከ ዛሬ ጎመን ስትበላ አህዪትን ቀና ብላ አታያትም።

ከዚህ የምንማረው ዝናብ በራቀበት ዘመን የለመለመ ጓሮ ስናይ «ከየት ሰረቀው?» ከማለታችን በፊት «እንዴት አለማው?» ብለን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።