የነጠላ ጫማ ዓሣ

ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። አንድ ሰው ከታናሽ ወንድሙ ጋር በጀልባ ጫሞ ሐይቅ ላይ ወጣ። ሰውየው መረብ ጥሎ የሚያድር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ኦይቻ ይባላል። ታናሹ ሰብስቤ ግን የዚያን ቀን መረብ አልያዘም። የያዘው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተሠራ ዓሣ ነበር።

አዎን፣ ከነጠላ ጫማ! አትሳቁ፤ ጎረቤቶቹ ስቀው ጨርሰዋል።

ሰብስቤ፣ ለመዝናናት የሚያጠምዱ እንግዶች በላስቲክ ዓሣ ናይል ፐርች የሚባሉትን ትልልቅ ዓሦች ሲያወጡ አይቷል። የላስቲኩ ዓሣ ውኃ ውስጥ ሲጎተት ጭራውን እያወዛወዘ ይዋኛል፤ ትልቁ ዓሣ እውነተኛ መስሎት ይውጠዋል። ሰብስቤ መግዣ የለውም። ስለዚህ የጫማውን ሶል በዓሣ ቅርጽ ቆረጠ፤ ከፋፍሎ በሽቦ አያያዘው፤ መንጠቆ ሰካበት። ሚስቱ የጥፍር ቀለሟን ቀባችለት። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሲሞክረው በጀርባው ተገልብጦ ተንሳፈፈ። ከጎሚስታ ቤት የወዳደቀ እርሳስ ለምኖ ሆዱ ላይ ቢያስርበት፣ ቀና ብሎ ዋኘ።

"ሰብስቤ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?" ይሉታል የሰፈሩ ሰዎች። "ለዓሣው ልኩ ካልሆነ ትቀይርለታለህ?"

"ሳቁ! ስጠብስ ግን ደጄ ላይ እንዳላያችሁ!" ይላል እሱ።

የሐይቁ አጥማጆች በክር ሲያጠምዱ አንድ ልማድ አላቸው። የክሩን ጫፍ ባዶ ጀሪካን ላይ ያስሩታል እንጂ ሰውነታቸው ላይ አያስሩም። የያዘው ነገር ከአቅም በላይ ከሆነ ጀሪካኑን ውኃው ላይ ይለቁታል፤ ሲደክመው ተከትለው ያነሡታል። ሰብስቤም በመጀመሪያ እንዲሁ አደረገ። ወረወረ፣ ቀስ እያለ ሳበ። ወረወረ፣ ሳበ። ፀሐይ ሞቅ ስትል አንድ ደህና ዓሣ ዋጠለት!

"ጋሼ! አየኸው? አየኸው?"

"አየሁት አንተ! ቀስ በል፣ ትገለብጠናለህ!"

ኦይቻ እየሳቀ ቢላዋውን አወጣና ዓሣውን ያርደው ጀመር። ቀና ሲል ሰብስቤ ክሩን ከጀሪካኑ እየፈታ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ጀሪካኑ ሸምበቆ ውስጥ ቢገባ ዓሣዬ ቀረ ማለት ነው። ሌላ እስክሠራ ማን ይጠብቃል?" አለና ክሩን የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረው።

"ተው" አለ ኦይቻ። ይህን ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰብስቤ እንደገና ወረወረ፤ ክሩ ተወጠረ። ወገኖቼ፣ እንዴት ልንገራችሁ? ምን እንደያዘው ዛሬም አልታወቀም። ትልቅ ዓሣ ነው የሚሉ አሉ፣ አዞ ነው የሚሉ አሉ። የሰብስቤ ክንድ ተዘረጋ፤ ደረቱ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተለጠፈ። ክሩ ሥጋው ውስጥ ገባ። ኦይቻ ዘሎ ደረሰ። ቢላዋው በእጁ ነው! ስለቱ ክሩ ላይ አርፏል! ግን ምን አለ?

"ልቁረጠው?" ብሎ ጠየቀ።

ጠየቀ!

"አትቁረጥ! ይደክመዋል!"

"ሰብስቤ፣ ልቁረጠው!"

"እማዬ ትሙት እንዳትቆርጥ፣ ጋሼ!"

በእናታቸው አማለው። ቢላዋው ቆመ። የቆመውም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ብቻ ነው። ጀልባዋ አጎነበሰች፤ ቀና ስትል ኦይቻ ብቻውን ነበር። ውኃው ምንም እንዳልዋጠ ሆኖ ረጋ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ሁላችሁም ስለ ሰብስቤ ታስባላችሁ። "በአሮጌ ጫማ ምክንያት!" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ በአሮጌ ጫማ ምክንያት። ነገር ግን ዛሬ የማናግረው ሰብስቤን አይደለም። እሱ የታሰረ ሰው ነው፤ የታሰረ ሰው የሚጎትተውን እንጂ ወዴት እንደሚጎትተው አያይም። እኔ የማናግረው ቢላዋ የያዛችሁትን ነው።

እህቴ፣ ልጅሽ ከነማን ጋር እንደሚውል ታውቂያለሽ። "እማዬ፣ አያገባሽም" አለሽና ዝም አልሽ። ወንድሜ፣ ጓደኛህ ጠጥቶ መሪ ሲጨብጥ ቁልፉ አጠገብህ ነበር። "ልንዳልህ?" አልከው፤ "አትድፈረኝ" አለህና ከኋላ ተቀመጥህ። ክፉ ሆናችሁ ነው? አይደለም! ኦይቻ ክፉ ነበር? ወንድሙን ይወዳል። የወንድሙን ልፋት አክብሮ ነው፣ መሐላውን አክብሮ ነው። እስኪ ንገሩኝ፣ ማክበር እንዲህ ያለ ቦታ ምን ይሠራል?

የሚሰምጥ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። ይቆጣችሁ። ይሳደብ። ዓመት ሙሉ አያናግራችሁ። ተቆጥቶ ቤቱ ይግባ እንጂ! ያኮረፈ ሰው ይታረቃል፤ በሕይወት ካለ ይታረቃል። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ስትሄዱ፣ በልባችሁ የመጣውን ያን ሰው አትጠይቁት። ቁረጡ።

ሰብስቤ ሐሙስ ተገኘና በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ኦይቻ ወደ ሐይቁ አልተመለሰም፤ አሁን መኪና ላይ ሙዝ ይጭናል።