ነጭ የተቀቡት የቆቅ ልጆች

ተረት አለኝና ጆሮ አውሱኝ። አንበጣ ከሄደ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ዝናብ ቀርቶ ሣሩ ሁሉ ደርቋል። ሳቢሳ የሚባለው ነጭ ወፍ በዋርካ ሥር የወፎች ትምህርት ቤት ከፈተና፣ «ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ተማሪ ሁሉ ነጭ ይሁን» ብሎ ደነገገ።

የሳቢሳ ልጆች እንዳሉ መጡ። ቆቅ ግን ሁለቱን ሴት ልጆቹን ነጭ አፈር ሊቀባቸው ነው። ወሬ የማይወድ አባት ቢሆንም ሄዶ ሳቢሳን ለመነ።

«የኔታ፣ ልጆቼ ከጭልፊት የሚተርፉት ሣር ስለሚመስሉ ነው። ነጭ ከሆኑ መንገድ ላይ ያልቁብኛል።»

«ግቢዬ ጭልፊት አይገባም። የመንገዱን እኔን አትጠይቀኝ። ደግሞስ ነጭ መሆን ምን ይከብዳል? ይኸው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነጭ ነኝ!»

ቆቅ ልጆቹን ቀብቶ ላከ። በሳምንቱ ጭልፊት ትልቋን ከመንገድ ነጠቃት።

ታናሺቱ፣ «አባዬ፣ እኔ ትምህርቴን አልተውም» አለች።

በማግስቱ አባቷ እሷን ቀብቶ በቁጥቋጦው ጥግ ጥግ ሰደዳት። የተረፈውን አፈር በጥብጦ ራሱን ከአናቱ እስከ ጅራቱ ተቀባ። ከዚያም ጭልፊቱ እሱን እንዲያይ፣ በገላጣው ሜዳ መሃል ክንፉን እያራገበ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ።