የጉንዶ አምባ ሳፋ

በጉንዶ አምባ አሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ቤተ መዘክር ሊያይ የመጣ ሰው፣ ባላገርም ይሁን ሹም፣ ደጃፉ ላይ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይገባም። ሊበላ ሲል የሚታጠብ ሞልቷል፤ ሊያይ ሲል የሚታጠብ ግን እዚህ ብቻ ነው ይባላል። ነገሩን ያመጣው ሲያወሩት እንኳ የሚያቅለሸልሽ የሰው ብልግና ነው።

እንደሚነገረው፣ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ መምህር ልሳነወርቅ የሚባል ሰው ነበር። ጣሊያን በገባ ጊዜ ከክፍሉ አውጥተው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘ፣ መቃብርም የለው። ለእህቱ ለወይዘሮ ብርቅነሽ የተረፋት ወንበሩ ላይ ጥሎት የሄደው ጥቁር በርኖስ ብቻ ነበር። እሷም በዓመት አንድ ቀን፣ በሙት ዓመቱ፣ ያውም እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ፣ ከሣጥን እያወጣች ፀሐይ ታስመታው ነበር አሉ። መቃብሩ እሱ ነበራ!

ዘመን አልፎ ለተማሪው አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ አሮጌው የቅርስ ቤት ይሁን ተባለና ሽማግሌ ተላከባት። እያለቀሰች፣ «እንግዲህ ልጆች ይዩት፤ እኔ ስሞት ማን ያስታውሰዋል?» ብላ ሰጠች፤ በርኖሱም መስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

የምረቃው ዕለት ግን፣ ኤዲያ! ለእንግዳው ሁሉ ውጭ ዳስ ተጥሎለት ሳለ፣ ግራዝማች ደስይበለው የሚባለው የአገሩ ገዥ ከነጓደኞቹ ፀሐይ ሸሽቶ ክፍሉ ውስጥ ገባና፣ ገበታ ቢያጡ ጮማውን መስታወቱ ላይ ዘረጉት። ወይዘሮ ብርቅነሽ የወንድሜን ልብስ አንድ ጊዜ ልየው ብላ ብቅ ስትል፣ በርኖሱ ከሣጥኑ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ ቅቤውን ያብስበታል፣ አንዱ አፉን ይጠርግበታል፣ ግራዝማቹማ፣ ቱ! ተናፈጠበት። ሆዳም ምን ነውር ያውቃል!

«ፎጣ ስለታጣ እኮ ነው፣ እመት ብርቅነሽ» አላት እያገሳ።

እሷም ወጣችና ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ተመለሰች።

«እንግዲያው ታጠቡ።»

እንግዳ በልቶ መታጠቡ ወግ ነውና፣ ምንም ሳይመስላቸው እጃቸውን እየዘረጉ አንድ በአንድ አስታጠበቻቸው፤ አንዳንዱም ተጉመጥምጦ እዚያው ተፋ። ከዚያ ስቡ የተንሳፈፈበትን እጣቢ ከነሳፋው አነሳችና በርኖሱ በነበረበት ሣጥን ውስጥ አኖረችው።

«ይኸውልዎ፣ ግራዝማች፤ የእናንተ ቅርስ ይኼ ነው። የኔን ልውሰድ።»

ቤቷ ወስዳ በእንዶድ ሰባት ጊዜ አጠበችው ይባላል። የቅቤው ግማት አልለቅ አለ፤ የለቀቀው የወንድሟ ጠረን ነው። ያን ጊዜ ነው ምርር ብላ ያለቀሰችው፤ በማግሥቱም ካህናት ጠርታ በርኖሱን እንደ ሰው አስፈትታ ቀበረችው።

የአገሩ ሰው ይህን ሲሰማ አፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይታጠቡ መግባት ነውር ሆነ። ሳፋው ዛሬም ከነዝቃጩ መስታወቱ ውስጥ አለ። አዲስ ሹም በተሾመ ቁጥር «ይህን ቆሻሻ አንሱልኝ» ይላል አሉ፤ እስካሁን ግን የሚነካው እጅ አልተገኘም።