አንድ ባዶ ሳጥን ያጣች ጥሪ

ተረት ተረት! በሉ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የማወራላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ጥሪ ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ ሜሞሪዋ እፍኝ የማትሞላ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። ከየቀበሌው የሚላከውን የአምቡላንስ ጥሪ ተቀብላ ወደ ሾፌሩ ስልክ የምታደርስ እሷ ናት። ፕሮግራሞቹ ሜሞሪዋን በየፊናቸው እየቆረሱ ሲያባክኑባት፣ ሰብለወንጌል የምትባል ፕሮግራም ጸሐፊ አዘነችላትና «ገንዳ» የሚባል ላይብረሪ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት አጋዥ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ጻፈችላት። ገንዳ ሜሞሪውን በአሥራ ሁለት እኩል ሳጥን ከፋፍሎ ይጠብቃል። የፈለገ ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል፣ የተመለሰውን ሌላው ይወስዳል። የእድር ወንበር በሉት። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሯ ተንገዳግዳ አታውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትንሿ ጥሪ ከሩቅ ቀበሌ እየሮጠች መጣች። «ትርንጎ ምጥ ጠንቶባታል፤ መኪና ላኩ» የምትል ናት። የፈለገችው አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ያለ ሳጥን ሾፌሩ ዘንድ አትደርስም።

«ገንዳ ወንድሜ፣ አንድ ሳጥን!»

«ቢኖረኝ መች እነፍግሽ ነበር? አሥራ ሁለቱንም ያቺ የአምቡላንሱን ጉዞ የምትመዘግበው ፕሮግራም፣ ካርታ፣ ይዛቸዋለች። የሰው ሳጥን ደግሞ አልነጥቅም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድም» አለና በሰብለወንጌል ስክሪን ላይ «ሳጥን አለቀ» ብሎ ጻፈ። ስለ ጥሪዋ ግን ምንም አላለ፤ ገንዳ ሳጥን ይጠብቃል እንጂ ደብዳቤ አያነብም። ገንዳ ሳጥን የለኝም አለ፣ ጥሪ ደጅ ቀረች፣ ትርንጎ ታምጣለች።

ሰብለወንጌል ካርታን ከፈተቻት። «ካርታ፣ ሳጥኑን መልሺ እንጂ!»

«አልመልስም። አሥራ ሁለት ጉዞ ተሸክሜያለሁ። ሾፌሩ ‹ጨርሻለሁ› የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን የትኛውን ልጣል?»

ካርታ ሳጥን አልመልስም አለች፣ ገንዳ ሳጥን የለኝም አለ፣ ጥሪ ደጅ ቀረች፣ ትርንጎ ታምጣለች።

ሰብለወንጌል ወደ ግቢው ወጣች። ሾፌሩ ጋሽ ደመላሽ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የወላዶች ክፍል በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ምነው ‹ጨርሻለሁ›ን የማይጫኑት?»

«ምኑን ጨረስኩት ልጄ? ወላድ አድርሶ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ሳይሉ፣ ገንፎዋን ሳይቀምሱ፣ ጨረስኩ ይባላል? አሥራ አንዱ ወላዶች አገራቸው ገብተዋል፤ መንገዱ ሲደርቅ ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ዘነበች ግን ይቺውና እዚህ ናት፤ በር አልከፍትም ብላኝ ነው።»

የሚስቅ ይሳቅ! ሰብለወንጌል ገንዳን ስትጽፍ ያን ሁሉ ስታስብ፣ ስለ ገንፎ ያሰበችው ነገር አልነበረም። ሾፌር ቁልፍ አልጫንም አለ፣ ካርታ ሳጥን አልመልስም አለች፣ ገንዳ ሳጥን የለኝም አለ፣ ጥሪ ደጅ ቀረች፣ ትርንጎ ታምጣለች።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ እባክዎ ለጋሽ ደመላሽ ይክፈቱላቸው!»

«አልከፍትም እቴ! ልጄ ጡት አልይዝ ብሎኝ ደረቴን ገልጬ ስታገል ወንድ ላስገባ? አንቺ ግን ሴት ነሽ፣ ግቢ።»

ገባች። ልጁ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።

«አንተ ጌታው፣ ጡት ያዝ እንጂ!» ብትለው ማን ሰምቷት!

ልጅ ጡት አልይዝም አለ፣ እናት በር አልከፍትም አለች፣ ሾፌር ቁልፍ አልጫንም አለ፣ ካርታ ሳጥን አልመልስም አለች፣ ገንዳ ሳጥን የለኝም አለ፣ ጥሪ ደጅ ቀረች፣ ትርንጎ ታምጣለች።

ሰብለወንጌል ሁለት ልጅ አሳድጋለች። እጇን ታጠበችና የልጁን ውስጥ እግር በጣቷ ጫፍ አሸት አሸት አደረገችው። ልጁ አስነጠሰ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜማ! ልጅ ጡት ያዘ፣ ጠብቶም ጠገበ፤ እናት ነጠላዋን አጣፍታ በር ከፈተች፣ ሾፌር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ቁልፍ ተጫነ፣ ካርታ ሳጥን መለሰች፣ ገንዳ ሳጥን ሰጠ፣ ጥሪ ዘልላ ገባች፣ የጋሽ ደመላሽ ስልክም እጃቸው ላይ ጮኸ።

አነበቡና ክው አሉ። «ይቺ ምስኪን ስታምጥ ኖሯል እኔ ገንፎ የምጠብቀው?» ባርኔጣቸውን ረስተው ወደ መኪናው ሮጡ።

ደረሱላት፤ ወደ ጤና ጣቢያውም አመጧት። ትርንጎ እዚያው ጤና ጣቢያ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ጋሽ ደመላሽ ገና እንዳደረሷት፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ቁልፉን ተጭነው ነበር፤ የአሥራ አንዱንም ጉዞ እያንዳንዱን ይቅርታ እየጠየቁ ዘጉ። ጥየቃውን በእግሬም ቢሆን እደርሳለሁ ብለዋል።

ትርንጎ ሾፌሩን አመሰገነች። ሾፌሩ ሰብለወንጌልን አመሰገኑ። ሰብለወንጌልም ወደ ቢሮዋ ተመልሳ፣ ማንም ሳያያት፣ ሳይነጥቅና ሳይሰበር የጠበቀውን ገንዳን «ተባረክ» አለችው።

ማታ ዘነበች ከገንፎዋ ከፍላ ወደ ትርንጎ አልጋ መጣች። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«እህቴ፣ በር ዘግቼ ያስቆየሁሽ እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ሳህኑን ተቀብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት። «ልጅሽን ልታጠቢ ነው የዘጋሽው። እኔም እናት ሆኛለሁ፤ ነይ አብረን እንብላ።»

ተረቴን መልሱ፣ የያዛችሁትንም መልሱ፣ አፌን በገንፎ አብሱ!